የፍጥነት ቁጥርን ይዞ በፈረስ ውድድር መወራረድ፦ ከሉሁ እስከ መስኮቱ

ከዋሽንግተንና ከባልቲሞር ዙሪያ ወደ ሎረል ፓርክ ወይም ወደ ቻርልስ ታውን የፈረስ ውድድር ሜዳ ብቅ የሚሉ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷት ጥያቄ አንዲት ናት፦ «ሉሁ ላይ ትልቁን ቁጥር የያዘውን ፈረስ ነው የምመርጠው፤ ታዲያ ለምን እከስራለሁ?» መልሱ አጭር ነው። ቁጥሩ፣ ማለትም የፈረሱ የቀድሞ ሩጫዎች በተዘረዘሩበት ሉህ ላይ የሚታተመው የፍጥነት ቁጥር፣ የሚናገረው ፈረሱ ያን ዕለት ምን ያህል እንደፈጠነ እንጂ ዛሬ ምን ያህል እንደሚፈጥን አይደለም። ደግሞም ትልቁን ቁጥር የሚያየው ሁሉም ሰው ነው፤ ገንዘቡ ወደዚያ ስለሚጎርፍ ዋጋው እናንተ ትኬት የሚቆረጥበት መስኮት ጋ ሳትደርሱ ወርዷል። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ሁለቱን ችግሮች በየተራ ይይዛቸዋል፤ መጀመሪያ ቁጥሩን ለዛሬው ውድድር ማስተካከል፣ ከዚያ ከኦዱ (ፈረሱ ቢያሸንፍ ከሚከፍለው መጠን) ጋር ማመዛዘን።

በእግር ኳስ ቤቲንግ ለለመደ ሰው አንድ ልዩነት ከወዲሁ ይታወቅ። በአሜሪካ የፈረስ ውድድር ኦዱ ትኬት ስትቆርጡ አይቆለፍም። የተወራራጁ ሁሉ ገንዘብ አንድ ቋት ውስጥ ይገባል፤ ከላዩ ላይ እንደ ስቴቱና እንደ ውርርዱ ዓይነት ከ15 እስከ 25 በመቶ ገደማ ይቆረጣል፤ የቀረው ላሸነፉት ትኬቶች ይከፋፈላል። የመጨረሻው ኦድ የሚታወቀው በሩ ተከፍቶ ፈረሶቹ ከወጡ በኋላ ነው። ተፎካካሪያችሁ እንግዲህ ቤቲንግ ቤቱ ሳይሆን አጠገባችሁ የቆመው ሰው ነው። ለማትረፍ ከእሱ መሻላችሁ ብቻ አይበቃም፤ የሚቆረጠውን በሚሸፍን መጠን መሻል አለባችሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የዕለቱ ውድድር የቀድሞ ውጤት ሉህ። ዴይሊ ሬሲንግ ፎርም ቤየር የሚባለውን የፍጥነት ቁጥር ይዞ ይወጣል፤ ብሪስኔትና ኢኩቤዝ የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። አንዱን ምረጡና በሱ ጽኑ።
- የውጤት ቻርት። ኢኩቤዝ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛል። ፈረሱ ባለፈው ሩጫ ምን እንደገጠመው በቃላት የተጻፈው እዚያ ነው።
- እርሳስ፣ ቀይ እስክሪብቶ፣ ካልኩሌተር።
- መዝገብ የምትይዙበት ደብተር ወይም ስፕሬድሺት።
- ለዚህ ጉዳይ ብቻ የተለየ ገንዘብ። እዚህ በ300 ዶላር እናሰላለን።
- ለአንድ ውድድር ከ15 እስከ 20 ደቂቃ። በቀን 3 ወይም 4 ውድድር በዚህ መንገድ መሥራት በቂ ነው፤ ዘጠኙንም ልሥራ ያለ ሰው አምስተኛው ላይ መገመት ይጀምራል።

ማስጠንቀቂያ፦ የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ወደ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ ወይም የዕቁብ መዋጮ እዚህ አይገባም። የተለየው ገንዘብ ካለቀ የዚያ ወር ጨዋታ አልቋል። የሚፈቀደው ዕድሜ እንደ ስቴቱ በአብዛኛው 18 ወይም 21 ነው፤ በስልክ መተግበሪያ መወራረድም በሁሉም ስቴት አይፈቀድም። ኪሳራን ለመመለስ መጠን መጨመር ከጀመራችሁ ቁሙ፤ በአሜሪካ የነጻ የእርዳታ መስመሩ 1-800-426-2537 ነው።

ደረጃ 1፦ የያዛችሁት ቁጥር ምን እንደሚለካ እወቁ

የፍጥነት ቁጥር ማለት ፈረሱ የገባበት ሰዓት፣ የርቀቱና የዕለቱ መም ፍጥነት ተቀናንሶለት ወደ አንድ መለኪያ ሲመጣ ነው። ለዚህ ነው የ6 ፈርሎንግን ሩጫ ከ1 1/16 ማይል ሩጫ ጋር ማወዳደር የሚቻለው። (አንድ ፈርሎንግ የማይል አንድ ስምንተኛ፣ 201 ሜትር ገደማ ነው።) ጥሬውን ሰዓት ብቻ ብታዩ ግን ማክሰኞ በከባድ መም 1:12.60 የገባው ፈረስ ቅዳሜ በፈጣን መም 1:11.40 ከገባው ሊበልጥ እንደሚችል አታውቁም።

በቤየር መለኪያ በትናንሽ ሜዳዎች ዝቅተኛ ውድድር የሚያሸንፉት ከ50 እስከ 60ዎቹ ውስጥ ናቸው፤ ከ80 እስከ 90 ጥሩ ፈረስ ነው፤ በትልልቆቹ ውድድሮች ከ100 በላይ ይታያል። ነጥቡ ወደ ርቀት ሲመነዘር እንደ ሩጫው ርዝመት ይለያያል። ሁለት ፈረሶች ሲቀዳደሙ የሚለካው ከአፍንጫ እስከ ጅራት ባለው የአንድ ፈረስ ርዝመት፣ ማለትም በ2.5 ሜትር ገደማ ነው፤ ይህን ከዚህ በኋላ «ርዝመት» እንለዋለን።

- በ5 ፈርሎንግ፦ አንድ ርዝመት 2.9 ነጥብ ገደማ
- በ6 ፈርሎንግ፦ 2.4 ገደማ
- በ1 1/16 ማይል፦ 1.7 ገደማ

ሩጫው ሲረዝም ነጥቡ የሚያንሰው፣ ያው አንድ ርዝመት ከጠቅላላው ርቀት ላይ ትንሽ ድርሻ ስለሚሆን ነው። ስለዚህ የ5 ነጥብ ልዩነት በ6 ፈርሎንግ ሁለት ርዝመት፣ በ1 1/16 ማይል ሦስት ርዝመት ያህል ነው። የ2 ነጥብ ልዩነት ግን በየትኛውም ርቀት ከስሌቱ ስህተት አይበልጥም፤ እኩል ናቸው ብላችሁ እለፉ።

ከባድ ጥንቃቄ፦ የራጎዚንና የቶሮግራፍ ሉሆች ተገላቢጦሽ ናቸው፤ እዚያ ትንሹ ቁጥር ነው የሚበልጠው። በተጨማሪም በውጭ በኩል የተሮጠውን ተጨማሪ ርቀትና ክብደትን ቀድመው አስልተው አስገብተዋል፤ ቤየር ግን አላስገባም። የአንዱን ማስተካከያ በሌላው ላይ ብትደርቡ አንዱን ነገር ሁለቴ ቆጠራችሁት ማለት ነው።

ደረጃ 2፦ ቁጥር የሚሠራበትን ውድድር ምረጡ

በአፈር መም ላይ የሚሮጥ፣ ፈረሶቹ ሦስትና ከዚያ በላይ ዕድሜ ያላቸው፣ አብዛኞቹም ቢያንስ ሦስት ጊዜ የሮጡበት ውድድር ፈልጉ። የክሌሚንግ ውድድር (ፈረሱ በተለጠፈለት ዋጋ ሊገዛ የሚችልበት) ለጀማሪ ጥሩ ነው፤ ፈረሶቹ ብዙ ጊዜ ስለሚሮጡ በቂ መረጃ አለ።

ሁለት ዓይነቶችን ተዉ። አንደኛው ጨርሶ አሸንፈው የማያውቁ ፈረሶች ውድድር ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሮጡ ሦስትና አራት የሚገቡበት ነው፤ ቁጥር የሌለውን ፈረስ በቁጥር መመዘን አይቻልም። ሁለተኛው የሁለት ዓመት ፈረሶች ነው፤ በአንድ ወር ውስጥ 15 ነጥብ ሊዘሉ ይችላሉ።

የሳር መም ላይ ቁጥሩን በጥርጣሬ ያዙት። ሳር ላይ ብዙውን ጊዜ ቀስ ብለው ሮጠው መጨረሻ ላይ ይፈናጠራሉ፤ ጠቅላላ ሰዓቱ ስለሚዘገይ ጎበዙም ፈረስ ዝቅ ያለ ቁጥር ይዞ ይወጣል።

ደረጃ 3፦ ለእያንዳንዱ ፈረስ አንድ ወካይ ቁጥር አውጡ

ስህተት የሚበዛው እዚህ ስለሆነ አትቸኩሉ። የመጨረሻዎቹን አራት ወይም አምስት ሩጫዎች ተመልከቱና ዛሬን የማይመስለውን በቀይ ሰርዙ። የሚሰረዘው፦

ሀ. በሌላ ዓይነት መም የተሮጠ። ዛሬ አፈር ከሆነ የሳሩና የሰው ሠራሹ (ታፔታና የመሳሰሉት) ይሰረዛሉ።

ለ. ርቀቱ ከዛሬው ከአንድ ፈርሎንግ በላይ የሚርቅ። የመታጠፊያውንም ብዛት እዩ። የቻርልስ ታውን መም ዙሪያው 6 ፈርሎንግ ብቻ ስለሆነ 4½ ፈርሎንጉ በአንድ መታጠፊያ ሲያልቅ 7 ፈርሎንጉ ሁለት ይጠይቃል። የሎረል የአፈር መም 1 1/8 ማይል ስለሆነ 7 ፈርሎንጉ አንድ መታጠፊያ ነው። ወረቀቱ ላይ ሁለቱም «7» ነው የሚለው፤ ለፈረሱ ግን አንድ አይደሉም።

ሐ. ውሃ የቋጠረ ወይም ጭቃ የሆነ መም፣ ዛሬ ደረቅ ከሆነ። ጭቃ ላይ የሚገዝፉ ፈረሶች አሉ፤ የሚጠፉም አሉ።

መ. ማንም ሳይጠጋው ብቻውን መርቶ የጨረሰበት። ያልተነካ መሪ ከአቅሙ በላይ ቁጥር ይዞ ይወጣል፤ ያ ዕድል ዛሬም መኖሩን ደረጃ 5 ላይ ታዩታላችሁ።

ከስረዛው የተረፉትን የቅርብ ሦስት ቁጥሮች ውሰዱ፤ ወካዩ ከሦስቱ ሁለተኛው ትልቅ ነው። ትልቁ የማይወሰደው አንዴ የወጣ ጫፍ ስለሚሆን ነው፤ ትንሹ የማይወሰደው አንዳች እክል ስለሚኖርበት። ሁለት ብቻ ከተረፉ አማካያቸውን ያዙ። አንድ ብቻ ከተረፈ አጠገቡ የጥያቄ ምልክት አድርጉ።

ደረጃ 4፦ ማስተካከያ

በውጭ በኩል መሮጥ። በመታጠፊያ ላይ ከውስጥ አጥር አንድ መስመር የራቀ ፈረስ በግማሽ ክብ ላይ ስለሚዞር ወደ 3 ሜትር፣ ማለትም ከአንድ ርዝመት ትንሽ የሚበልጥ ትርፍ ይሮጣል። በአራተኛው መስመር የዞረ በአጥሩ ከሄደው ጋር ሲነጻጸር ሦስት ርዝመት ከፍሏል፤ በ6 ፈርሎንግ 7 ነጥብ ነው። ሁሉን አትጨምሩለት፤ ማንኛውም ፈረስ አንድ መስመር ያህል መውጣቱ ስለማይቀር 4 ወይም 5 ነጥብ ይበቃዋል። ይህ ለቤየርና ቤየርን ለሚመስሉት ብቻ ነው።

መጥፎ አነሳስ ወይም መታገድ። ቻርቱ ላይ «ዘግይቶ ወጣ»፣ «መንገድ ተዘጋበት» የሚል ካለ 2 ወይም 3 ነጥብ ጨምሩ። ቅሬታ የማይጻፍበት ፈረስ ስለሌለ ከዚያ በላይ አትለግሱ።

ረጅም ዕረፍት። ከ90 ቀን በላይ ያልሮጠ ፈረስ ጥያቄ ምልክት ይደረግበት። ከዕረፍት ተመልሶ በሕይወቱ ትልቁን ቁጥር ያወጣ ፈረስም ቀጣዩ ሩጫ ላይ ብዙውን ጊዜ ይወርዳል፤ ያ ጥረት ዋጋ ያስከፍላል።

የሦስት ዓመት ፈረስ። በጸደይና በበጋ እያደገ ስለሆነ የመጨረሻው ቁጥር ከቀደሙት የበለጠ ይታመናል።

አሰልጣኝ መቀየር፣ የዓይን መጋረጃ መጨመር፣ ላሲክስ (ፈረሱ ሲሮጥ ሳንባው እንዳይደማ የሚሰጥ መድኃኒት) ለመጀመሪያ ጊዜ መውሰድ ሉሁ ላይ ተጽፈዋል፤ እያያችሁ እለፉ እንጂ ነጥብ አትስጡባቸው።

አንድ ውድድር እስከ መጨረሻ እንሥራ

ለማስተማር የተሰናዳ ምሳሌ ነው፦ 6 ፈርሎንግ፣ ደረቅ የአፈር መም፣ ስድስት ፈረስ። በዚህ ደረጃ ውድድር አሸናፊው ብዙውን ጊዜ 78 ያወጣል። «ቁጥር 1»፣ «ቁጥር 2» የምንለው የፈረሱን መለያ ነው፤ የፍጥነት ቁጥሮቹ ከቅርቡ ወደ ኋላ የተጻፉ ናቸው።

- ቁጥር 1፦ 78፣ 76፣ 74። ከኋላ የሚመጣ። ወካይ 76።
- ቁጥር 2፦ 84፣ 70፣ 71። 84ቱን ያመጣው ጭቃ ላይ ብቻውን መርቶ ነው፤ ይሰረዛል። ወካይ 71 ገደማ።
- ቁጥር 3፦ 75፣ 81፣ 80። በ75ቱ ቀን በአራተኛው መስመር ዞሯል፤ 5 ሲጨመርለት 80። ወካይ 80።
- ቁጥር 4፦ 82፣ 79፣ 80። ከፊት የሚሮጥ። ወካይ 80።
- ቁጥር 5፦ 68፣ 66፣ 70። ወካይ 68።
- ቁጥር 6፦ 79፣ 64፣ 62። 79ኙ የሳር ነው፤ ይሰረዛል። ወካይ 63።

የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ የሚያነብ ሰው ቁጥር 2ን አንደኛ፣ ቁጥር 3ን ግን ከአራት ፈረስ በታች ያስቀምጣል።

ደረጃ 5፦ ማን እንደሚመራ ገምቱ

ፍጥነት እኩል ሲሆን የሚወስነው አሯሯጡ ነው። በብሪስኔት ሉህ ከፈረሱ ስም አጠገብ የአሯሯጥ ዓይነቱ ይጻፋል፦ ‹ኢ› ከፊት መሪ፣ ‹ኢ/ፒ› ከመሪው ጎን፣ ‹ፒ› መሐል፣ ‹ኤስ› ከኋላ የሚመጣ። አብሮት ከ0 እስከ 8 ነጥብ አለ፤ 8 ማለት ከመነሻው የሚፈናጠር ነው። ሌላ ሉህ ከያዛችሁ ፈረሱ በመጀመሪያው ሩብ ማይል ስንተኛ እንደነበረ በየሩጫው ተጽፎላችኋል።

አንድ መሪ ብቻ ካለ ለሱ 3 ወይም 4 ነጥብ ጨምሩ፤ ማንም ሳያስጨንቀው እየተነፈሰ ይሮጣል። ሁለት ወይም ሦስት መሪዎች ካሉ እርስ በርስ ስለሚደካከሙ ከእያንዳንዳቸው 1 ወይም 2 ቀንሱ። በእኛ ምሳሌ ቁጥር 2ና ቁጥር 4 ሁለቱም መሪነት ይፈልጋሉ። ቁጥር 2 ጭቃው ላይ ያገኘውን ነጻነት ዛሬ አያገኝም፤ ቁጥር 4ም ዋጋ ይከፍላል። ቁጥር 3 ሦስተኛ ሆኖ ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል።

አንድ ፈረስ ከውድድሩ ከወጣ ይህን ደረጃ እንደገና ሥሩ። ቁጥር 4 ቢወጣ ቁጥር 2 ብቸኛ መሪ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የሰረዛችሁት 84 ሕይወት ይዘራል። ዝናብ ጥሎ የሳር ውድድር ወደ አፈር ከተዛወረማ ሉሁ በሙሉ ከአዲስ ይሠራል።

ደረጃ 6፦ ወደ በመቶ፣ ከበመቶ ወደ ዋጋ

ለእያንዳንዱ ፈረስ የማሸነፍ ዕድል ስጡ፤ ድምሩ የግድ 100 መሆን አለበት። ከላይኛው ቁጥር በ10 ነጥብና ከዚያ በላይ የሚያንሱትን (5ና 6) በጋራ ከ10 በመቶ በታች አድርጉ፤ የቀረውን ለሌሎቹ አካፍሉ። እኛ እንዲህ ሰጠን፦ ቁጥር 4፦ 33፣ ቁጥር 3፦ 30፣ ቁጥር 1፦ 17፣ ቁጥር 2፦ 11፣ ቁጥር 5፦ 5፣ ቁጥር 6፦ 4።

አሁን ሜዳው ላይ ኦዱን የሚያሳየውን ቦርድ አንብቡ። ወደ መነሻው ሰዓት ሲቃረብ እንዲህ ይላል እንበል፦ ቁጥር 2 በ8-5፣ ቁጥር 4 በ9-5፣ ቁጥር 3 በ9-2፣ ቁጥር 1 በ6-1፣ ቁጥር 6 በ10-1፣ ቁጥር 5 በ15-1። 9-2 ማለት በ2 ዶላር 9 ዶላር ትርፍ ነው፤ ከዋናው ጋር 11 ዶላር ይከፍላል።

ሕዝቡ ለፈረሱ የሰጠውን ዕድል ለማወቅ ኦዱን በአንድ ቁጥር ጻፉት (9 ለ 2 ሲካፈል 4.5)፣ 1 ደምሩ፣ 100ን አካፍሉበት። ለቁጥር 3፦ 100 ÷ 5.5 = 18.2። ስድስቱን ብትደምሩ ግን 122 ይመጣል፤ ትርፉ 22 የሚቆረጠው ገንዘብ ጥላ ነው። 18.2 ለ1.22 ሲካፈል ሕዝቡ ለቁጥር 3 የሰጠው እውነተኛ ግምት 15 በመቶ ይሆናል።

እናንተ 30 አላችሁ፣ ሕዝቡ 15 አለ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «አገኘሁት!» ብሎ ይሮጣል። አትሩጡ። ሕዝቡ ውስጥ ፈረሱን ጠዋት ሲለማመድ ያዩ፣ በኮምፒውተር የሚያሰሉ ሰዎችም አሉበት። ሁለቱን ግምቶች ለሁለት አካፍሉ፦ 22.5 በመቶ። ተገቢው ኦድ 100 ÷ 22.5 − 1 = 3.44 ነው። በዚያ ላይ ሩብ ለስህተት መጠባበቂያ ጨምሩ፦ 3.44 × 1.25 = 4.3። ከዚህ በታች አይገዛም። ቦርዱ 4.5 ይላል፤ ይገዛል። ወደ 4-1 ከወረደ ይታለፋል።

ያንኑ ለሌሎቹ፦ ቁጥር 4 የእኛ 33፣ የሕዝቡ 29፣ መሐሉ 31፤ ተገቢው ኦድ 2.2 ሲሆን ቦርዱ 1.8 ነው፣ ይታለፋል። ቁጥር 1 ከመሐለኛው ግምት ጋር ገጥሞ ቆሟል፤ መጠባበቂያ ስለሌለው ይታለፋል። ቁጥር 2 በ8-5 ጨርሶ አይነካም። ቁጥር 4 በእኛ ግምት የማሸነፍ ዕድሉ ከሁሉም የበለጠ ሆኖ ሳለ ትኬት ያልተቆረጠለት በዋጋው ምክንያት ብቻ ነው። ይህ መጀመሪያ ላይ ሆድ ያስብሳል፤ ሊያሸንፍ ይችላል ብላችሁ የምታምኑትን ፈረስ ቆማችሁ ማየት ነውና።

ሁሉም ፈረሶች ከታለፉ ውድድሩ ራሱ ይታለፋል። በቀን ከምትሠሯቸው አራት ውድድሮች ሁለቱን ብታልፉ የተለመደ ነው።

ደረጃ 7፦ ትኬቱን ቁረጡ

መጠኑ ከተለየው ገንዘብ ከ2 በመቶ አይበልጥ፤ በ300 ዶላር ላይ 6 ዶላር ነው። ትንሽ ይመስላል። በዚህ ዓይነት ዋጋ ላይ ግን ከአራት ወይም ከአምስት ትኬት አንዱ ነው የሚመታው፤ አሥርና አሥራ አምስት ተከታታይ ሽንፈት መምጣቱ ስለማይቀር ገንዘቡ እስከዚያ መቆየት አለበት።

መስኮቱ ላይ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ሜዳው፣ የውድድሩ ቁጥር፣ የገንዘቡ መጠን፣ የውርርዱ ዓይነት፣ የፈረሱ ቁጥር። «ሎረል፣ አምስተኛ ውድድር፣ 6 ዶላር፣ ዊን፣ ቁጥር 3።» («ዊን» ፈረሱ አንደኛ ይወጣል ብሎ መወራረድ ነው።) ትኬቱን ከመስኮቱ ሳትርቁ አንብቡ፤ ውድድሩ ከተጀመረ በኋላ ስህተት አይታረምም። የምትጠሩት ፈረሱ የለበሰውን የፕሮግራም ቁጥር ነው፤ የመነሻ በሩ ቁጥር ሊለይ ይችላል።

ግዢውን ለመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች አቆዩት፤ ትልልቅ ገንዘብ የሚገባው ያን ጊዜ ስለሆነ ቀድሞ የታየ ኦድ ብዙም አይታመንም። ከዚያም በኋላ ቢሆን ሊወርድ ይችላል፤ ሩብ መጠባበቂያ የያዛችሁት ለዚህም ነው።

ለጀማሪ «ዊን» ብቻ ይበቃል። ኤግዛክታና ትራይፌክታ (የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወይም ሦስት ፈረሶች በቅደም ተከተል መገመት) ከፍ ያለ ይከፍላሉ፤ የሚቆረጥባቸውም በአብዛኛው ከዊን ይበልጣል፣ ደግሞም የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ዕድል በትክክል ማስላት ይጠይቃሉ።

ደረጃ 8፦ መዝገብ

ለእያንዳንዱ ትኬት ቀኑን፣ ሜዳውን፣ መሙን፣ ወካይ ቁጥሩን፣ የሰጣችሁትን በመቶ፣ ያያችሁትን ኦድና የመጨረሻውን ኦድ፣ ውጤቱን ጻፉ። ያለፋችሁትንም ጻፉ፤ በየጊዜው የምታልፉት እያሸነፈ ከሆነ መጠባበቂያችሁ በዝቷል። 100 ትኬት ሳይሞላ ከትርፉም ከኪሳራውም ምንም አትደምድሙ። ከ100 በኋላ ግን 30 በመቶ ያላችኋቸውን ለይታችሁ ስንቱ እንዳሸነፉ ቁጠሩ። 18 በመቶ ብቻ ከሆኑ ችግሩ በራስ መተማመናችሁ ላይ ነው፤ ግምታችሁን ወደ ሕዝቡ ይበልጥ አስጠጉት።

ተጨማሪ፦ ቁጥሩን ራሳችሁ ስታወጡ

የተገዛ ቁጥር አጠራጣሪ ሲመስላችሁ ከውጤት ቻርቱ ራሳችሁ መፈተሽ ትችላላችሁ። የሚያስፈልገው ለየደረጃውና ለየርቀቱ የተለመደው የአሸናፊ ሰዓት ነው፤ ይህንን ከሜዳው የቀድሞ ቻርቶች አማካይ አውጥታችሁ ትይዛላችሁ። አንድ ሰከንድ በ6 ፈርሎንግ 14 ነጥብ ገደማ፣ በ1 1/16 ማይል 9.6 ገደማ ነው።

በአንድ ቀን አራት የአፈር ውድድሮች ሆኑ እንበል፦

- አንደኛ ውድድር፣ 6 ፈርሎንግ፦ የተለመደው 1:12.00፣ የዛሬው 1:12.60። 0.60 ዘገየ፤ 8.4 ነጥብ።
- ሦስተኛ፣ 6 ፈርሎንግ፦ 1:11.40፣ ዛሬ 1:11.90። 0.50 ዘገየ፤ 7 ነጥብ።
- አምስተኛ፣ 1 1/16 ማይል፦ 1:45.00፣ ዛሬ 1:45.90። 0.90 ዘገየ፤ 8.6 ነጥብ።
- ስምንተኛ፣ 6 ፈርሎንግ፦ 1:10.80፣ ዛሬ 1:10.70። 0.10 ፈጠነ፤ 1.4 ነጥብ።

አራቱን አማካይ ብታወጡ መሙ 5.7 ነጥብ ብቻ የዘገየ ይመስላል፤ ይህ ስህተት ነው። ሦስቱ ተስማምተው 8 ይላሉ። መሙ የዘገየው 8 ነው፤ የስምንተኛው አሸናፊ ደግሞ በዚያ በዘገየ መም ላይ ከተለመደው የፈጠነ ነው። የዚያ ደረጃ የተለመደ ቁጥር 90 ከሆነ የሱ 90 + 1.4 + 8 = 99 ይሆናል። በሁለት ርዝመት ተኩል ሁለተኛ የወጣው 2.5 × 2.4 = 6 ተቀንሶበት 93 ይይዛል። መሐል ላይ ዝናብ ከጣለ ቀኑን ለሁለት ከፍላችሁ ከዝናቡ በፊትና በኋላ ለየብቻ አስሉ፤ የሳሩን ሁልጊዜ ለብቻው።

በብዛት የሚታዩ ስህተቶች

የጠዋቱን ኦድ እንደ ዋጋ መውሰድ። ፕሮግራሙ ላይ የታተመው ኦድ ሕዝቡ እንዴት ይወራረድ ይሆን የሚል የአንድ ሰው ግምት ነው፤ ክፍያ የሚወጣው ከቋቱ እንጂ ከሱ አይደለም።

የተለያዩ ኩባንያዎችን ቁጥር መቀላቀል። የብሪስኔት 84 የቤየር 84 አይደለም። አንዱ ፈረስ ከጓደኛችሁ ሉህ፣ ሌላው ከእናንተ ሉህ ከሆነ ያወዳደራችሁት ነገር የለም።

ፌቨሪቱን (ብዙ ገንዘብ የተወራረደበትን ፈረስ) አስተማማኝ ገቢ ማድረግ። በአሜሪካ ፌቨሪት ከሦስት ውድድር አንዱን ያህል ያሸንፋል። በጭፍን ሁልጊዜ ቢገዛ ግን ክፍያው ትንሽ ስለሆነ የሚቆረጠው ገንዘብ ይበላዋል።

ኦዱ ሲወርድ ምክንያት መፈለግ። ቁጥር 3 ከ9-2 ወደ 3-1 ሲወርድ «የሚያውቁ ሰዎች ገብተዋል» እየተባለ ይገዛል። 4.3 ብላችሁ ጽፋችኋል፤ 3-1 ከሱ በታች ነው።

ከደረጃ የወረደ ፈረስን እንደ ቅናሽ ዕቃ ማየት። ባለፈው ወር በ25,000 ዶላር ክሌሚንግ የሮጠ ፈረስ ዛሬ በ8,000 ከቀረበ፣ ትልቁ ቁጥሩ ቢያጓጓም ባለቤቱ በርካሽ ሊሸጠው ለምን ፈለገ ብላችሁ ጠይቁ። እግሩ ላይ ችግር ሊኖር ይችላል፤ ያን ቁጥሩ አያሳይም። ከሩጫው በፊት ፈረሶቹ በሚዞሩበት ግቢ የፊት እግሮቹ ላይ አዲስ ፋሻ ተጠቅልሎ፣ ወይም እርምጃው አጥሮ ካያችሁት ተዉት።